በክረምት የምናነባቸው ልብ ወለዶችና የጂዛን መንገድ

ዘመነ ክረምት፣ ማለት ከሰኔ 26 ቀን እስከ መስከረም 25 ቀን ያለው ወራት፣ ለገበሬ የሥራ፣ ለተማሪ የዕረፍት ጊዜ ነው ይባላል። በገዳም ተቀምጠን ለምንማር ለእኛ ግን ከሁለቱም ወገን አይመደብም። የክፍሉ ትምህርት ይዘጋል፤ ሰዓታቱና ቅዳሴው አይዘጋም። ከቀትር በኋላ ዝናሙ ሲወርድ ወደ አትክልቱም ሆነ ወደ እንጨቱ መውጣት ስለማይቻል፣ እያንዳንዱ በየበኣቱ ተሰብስቦ መጽሐፍ ይገልጣል። ምን ይነበባል ቢሉ፣ በገሃድ የሚነበበውና ተሸሽጎ የሚነበበው የተለያየ ነው። በገሃድ የሚነበበው ለፍልሰታ የሚያዘጋጀን የውዳሴ ማርያምና የቅዳሴ ማርያም ትርጓሜ ነው። ተሸሽጎ የሚነበበው ልብ ወለድ ነው።

ይህን ጽሑፍ የማቀርበው ሁለተኛውን ንባብ ከመሸሸጊያው ለማውጣት፣ ከወጣም በኋላ አንድ ጥያቄ ለመጠየቅ ነው።

ልብ ወለዶቹ ወደ እኛ የሚደርሱት በልዩ ልዩ መንገድ ነው። አንዳንዶቹን ዘመዶቻችን ከደሴ የመንገድ ዳር መጽሐፍ ሻጮች ገዝተው ያመጡልናል፤ አንዳንዶቹን ለክብረ በዓል የመጡ ተሳላሚዎች በእንግዳ ቤት ረስተዋቸው ይሄዳሉ። (መርሳታቸውን እጠራጠራለሁ። ሰው ንስሐ ሲገባ ጥሎት የሚሄድ ነገር አያጣም።) ሽፋኑ የወለቀ፣ በጋዜጣ የተለበጠ፣ የመጀመሪያዎቹ ቅጠሎች የጎደሉት መጽሐፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ይከርማል። ባለፈው ክረምት አንዱን መጽሐፍ በተራ ስናነብ ከእኔ በፊት አሥር ሰዎች ነበሩ፤ የመጨረሻው ቅጠል በመካከል ስለ ጠፋ ፍጻሜውን ለመስማት እስከ መስከረም የታገሠ ወንድም አለ። እኔ የማነበው ከሠርክ ጸሎት በኋላ፣ በፀሐይ በሚሞላ ትንሽ መብራት ነው። ፀሐይ በወጣበት ቀን መብራቱ ሁለት ሰዓት ያህል ይቆያል፤ ደመና በዋለበት ቀን ግን አንድ ምዕራፍ ሳያስጨርስ ይጠፋል። ስለዚህ የንባቤን ልክ የሚወስነው ሰማዩ ነው።

ልብ ወለድ ለመነኰሰ ሰው አይገባም የሚሉ አባቶች አሉ። ምክንያታቸውም የሚናቅ አይደለም። ያልተደረገውን እንደ ተደረገ አድርጎ የሚናገር መጽሐፍ ልቡናን ከጸሎት ያባክናል፣ ለገድሉና ለስንክሳሩ የሚገባውን ዕንባ ለሌለ ሰው ያስፈስሳል ይላሉ። ክብራቸው እንደ ተጠበቀ ሆኖ፣ የራሳችን ዕቃ ቤት የሚመሰክረው ሌላ ነው። ዜና እስክንድርን ወደ ግእዝ የመለሱት የእኛው ሊቃውንት ናቸው። በርለዓምና ይዋሴፍ የተባለውን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1553 ከዓረብኛ ወደ ግእዝ የመለሰው አባ ዕንባቆም ነው። የንጉሥ ልጅ በአንድ መናኝ ትምህርት ቤተ መንግሥቱን ትቶ ሲወጣ የሚያሳየው ይህ መጽሐፍ፣ ሊቃውንት መርምረው እንደ ደረሱበት፣ ሥሩ በህንድ አገር ከሚነገረው ከቡድሃ የሕይወት ታሪክ የመጣ ነው። ከህንድ ተነሥቶ በብዙ ልሳን እየተገለበጠ ዓረብኛ ገባ፤ ከዓረብኛም ወደ እኛ ተሻግሮ በገዳማት ተነበበ። ነገሩ በእርግጥ ተደርጎ እንደሆነ የጠየቀ አንባቢ ከነበረ፣ ጥያቄው መጽሐፉን ከመነበብ አላገደውም። ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሣርያም ለወጣቶች በጻፈው ምክር የአረማውያንን የግሪክ ድርሰት ፈጽማችሁ ጣሉ አላለም፤ ንብ ከአበባ የሚበጃትን መርጣ እንደምትቀስም ሆናችሁ አንብቡ የሚል ሐሳብ ሰጠ እንጂ።

አባ ዕንባቆምን ያነሣሁት በሌላም ምክንያት ነው። ይህ አባት የየመን ተወላጅ ነው። ባሕሩን ተሻግሮ ወደ አገራችን መጥቶ፣ ክርስትናን ተቀብሎ፣ መንኵሶ፣ በደብረ ሊባኖስ እስከ እጨጌነት ደረሰ። እንግዲህ ያን መጽሐፍ የሰጠን ከየመን የመጣ ስደተኛ ነው ማለት ነው። ዛሬ በዚያው ባሕር ላይ መንገዱ ተገልብጦአል፤ የሚሻገሩት የእኛ ልጆች ናቸው። ወደዚህ ነገር ኋላ እመለሳለሁ፤ አስቀድሜ ግን ስለ መጻሕፍቱ ልናገር።

የልብ ወለዳችንን ነገር ለመመዘን ከ1958 ዓ.ም. መነሣት ግድ ነው። በዚያ ዓመት የታተመው የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብር ለእኛ ለአብነት ተማሪዎች የሩቅ ሰው ታሪክ አይደለም። በዛብህ ወላጆቹ ተስለው ለቤተ ክርስቲያን የሰጡት፣ በቅኔ ቤት ያደገ ልጅ ነው። ቅኔ ቤት ያደረ ሰው ይህን ሲያነብ የራሱን መምህር፣ የራሱን ደበሎ፣ ቁራሽ የለመነበትን ደጅና የነከሰውን ውሻ ያያል። በመጨረሻ በዛብህ በመንገድ ላይ ሳለ ወንበዴዎች አቍስለውት ይሞታል። ያን ምዕራፍ በደረቅ ዓይን ያለፈ ወንድም እስካሁን አላጋጠመኝም። አንባቢ ሆይ፣ ይህን ነገር አስተውል። አንድ ከሴት ያልተወለደ፣ በደራሲው ልብ ብቻ የኖረ መንገደኛ በመንገድ ስለ ወደቀ፣ ከስድሳ ዘመን በላይ የአገር ሰው ያለቅስለታል።

ከቅርብ ዓመታት ልብ ወለዶች ውስጥ በእኛ ዘንድ አብዝተው የሚዞሩት ገዳማትን የሚያነሡት ናቸው። የይስማዕከ ወርቁ ዴርቶጋዳ የጣናን ገዳማት ከሳይንስ ሊቃውንት ምሥጢር ጋር አያይዞ ብዙ ወጣት አንባቢ አፈራ። የዓለማየሁ ዋሴ እመጓም፣ ከእርሱ በኋላ የመጡት ዝጎራና መርበብትም፣ በከተማ ያለውን አንባቢ ወደ ገዳም ፊቱን እንዲመልስ አድርገውታል፤ ይህ ቀላል ውለታ አይደለም። ለመነበብም ይጥማሉ። እመጓን በሁለት ሌሊት ነው የጨረስሁት፤ በዚያ ሳምንት ሰማዩ ጠርቶ ነበርና መብራቱም አልከዳኝም። ነገር ግን ከእነዚህ መጻሕፍት የሚቀር አንድ ልማድ አለ፤ ገዳምን የምሥጢር መቃብር፣ መነኵሴንም የቁልፍ ጠባቂ ብቻ አድርጎ የማየት ልማድ ነው። አንዳንድ ወጣት ተሳላሚዎች ዛሬ ከቤተ መቅደሱ አስቀድመው ዋሻውን ይጠይቃሉ። አንዱ፣ «አባ፣ የተሰወረው መጽሐፍ የት ነው ያለው?» ቢለኝ፣ ያልተሰወሩትን አሳየሁት፤ አቧራ ለብሰው በመደርደሪያው ላይ ነበሩ። ብዙም ደስ አላለው።

የአዳም ረታ መንገድ ሌላ ነው። በ1997 ዓ.ም. የወጣውን ግራጫ ቃጭሎችን ጓደኞቼ ይከብዳል ይላሉ፤ እኔ ግን ከብዶኝ አያውቅም። እርሱ ሕጽናዊነት ብሎ በሰየመው ስልት ታሪክን ከታሪክ እያጣቀሰ ሲሄድ፣ ለአንድምታ ተማሪ እንግዳ ነገር አይሆንበትም። እኛም እኮ አንዱን ቃል በአንድ ወገን ተርጕመን ስናበቃ «አንድም» ብለን ወደ ሌላው የምንሻገር ሰዎች ነን። የጓዳን ዕቃ፣ የሰፈርን ወሬ፣ የልጅነትን ረኃብ ሳይንቅ ቆሞ የሚመለከት ዓይን አለው። ይህን ዓይን አስቡልኝ፤ በኋላ እፈልገዋለሁ።

የመደርደሪያዬን ጉድለት ያሳየኝ መምህርም ሐያሲም አይደለም። ባለፈው ፍልሰታ ለሱባኤ የመጣ አንድ ተሳላሚ ነው።

ይህ ሰው ከወሎ ገጠር የወጣ ነው። በአፋር በረሃ ወደ ጂቡቲ፣ ከዚያ ወደ ኦቦክ ወርዶ፣ ባሕሩን በጀልባ ተሻግሮ፣ የመንን ከደቡብ እስከ ሰሜን አቋርጦ፣ በሰዓዳ በኩል ወደ ሳዑዲ ዓረቢያው ጂዛን ገባ። ከዚያም ሀሩብ በሚባለው ወረዳ ሁለት ዓመት ፍየል ጠበቀ። ጂዛን ሲባል የባሕሩን ዳር ሜዳና ሙቀቱን ብቻ የምናስብ አለን፤ ሀሩብ ግን ከሜዳው ወደ ምሥራቅ ከፍ ብሎ ያለ የተራራ አገር ነው። በእኛ ክረምት ወራት በዚያም ከቀትር በኋላ ይዘንባል። በተራራው ወገብ ላይ እርከን አለ፤ በእርከኑም ቡና ይተከላል፤ እነርሱም ቡን ይሉታል። በዚያ አውራጃ ኸውላኒ የሚባለውን ቡና የማልማት ልማድ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2022 በሰው ልጅ ቅርስነት መዝግቦታል። ሰውየው በለቀማ ጊዜ ከፍየሉ ተነሥቶ ቡና ይለቅም ነበር። «አባ፣ ማለዳ ስነቃ አገሬ ያለሁ ይመስለኛል» አለኝ። «ጭጋጉ የእኛ ጭጋግ፣ ፍየሉ የእኛ ፍየል። የእኔ ያልሆነው እኔ ራሴ ነበርሁ፤ ወረቀት የለኝማ።»

እንደ ጨዋታ አድርጌ፣ «ወንድሜ፣ በዚያ ተራራ ላይ በክረምት ምን ታነብ ነበር?» አልሁት።

«ማንበብስ አላነብም፤ እሰማ ነበር» አለኝ። አንድ የአገሩ ልጅ ወደ ሌላ ሥፍራ ሲሄድ የሰጠው አሮጌ ስልክ ነበረው፤ በስልኩም የልብ ወለድ ትረካዎች ነበሩበት። ከሁሉ አብልጦ የሚሰማው ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከውን ፍቅር እስከ መቃብርን ነበር። «በአንድ ጆሮዬ እሰማዋለሁ፤ ሁለተኛውን ለመኪና ድምፅ እተወዋለሁ» አለኝ። የጠረፍ ጠባቂ መኪና ሲመጣ ፍየሎቹን ትቶ በገደሉ ሥር ይሸሸጋልና። መጽሐፉን ስንት ጊዜ እንደ ጨረሰው ብጠይቀው፣ አንድ ጊዜም አልጨረስሁትም አለ። «በዛብህ ከሚወድቅበት ስደርስ እዘጋዋለሁ። በመንገድ የወደቀ ሰው አይቻለሁ።» ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና፣ «አባ፣ እናንተ መጽሐፍ ታውቃላችሁ። የእኛንስ የጻፈ አለ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ይህ ነው ጥያቄው። ስለ ዓረብ አገር ስደት የተጻፉ ማስታወሻዎችና የጋዜጣ ጽሑፎች መኖራቸውን አልክድም። በእጄ ከገቡት ልብ ወለዶች መካከል ግን ከባቲ እስከ ኦቦክ፣ ከሰዓዳ እስከ ሀሩብ ያለውን መንገድ ከአንድ ሰው ጋር ከጫፍ እስከ ጫፍ የሄደ አላገኘሁም። የተሰወረ መጽሐፍ ፍለጋ ስንት ምዕራፍ ተጻፈ! የተሰወረው ልጅ ግን የሚፈልገው ደራሲ አላገኘም።

ቍጥሩንስ ሁላችንም ሰምተናል። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከሳዑዲ ዓረቢያ ተባርረው የተመለሱት ወገኖቻችን ከ160,000 በላይ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ ከ130,000 በላይ ሰዎች ከአፍሪካ ቀንድ ባሕር ተሻግረው የመን መግባታቸውን ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት ተናግሮአል፤ የሚበዙት ኢትዮጵያውያን ናቸው። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሂዩማን ራይትስ ዎች የተባለው ድርጅት ባወጣው ዘገባ፣ እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2022 እስከ ሰኔ 2023 ባለው ጊዜ የሳዑዲ ጠረፍ ጠባቂዎች ከየመን በኩል ሊገቡ የሞከሩ ቢያንስ በመቶዎች የሚቈጠሩ ኢትዮጵያውያንን በከባድ መሣሪያና በጥይት ገድለዋል ብሎ ከሰሰ። የሳዑዲ መንግሥት ክሱን መሠረት የለውም ብሎ አልተቀበለውም። ይህ ሁሉ ተነገረ፣ ተሰማ፣ አለፈ። ለበዛብህ ያለቀሰው አንባቢ «በመቶዎች የሚቈጠሩ» የሚለውን ዜና ሰምቶ ቡናውን ይጨርሳል። ይህንም የሚያደርገው ጨካኝ ሆኖ አይደለም፤ የሚያለቅስለት ሰው ስም፣ የእናቱ ድምፅ፣ የጫማው ቀለም ስላልተነገረው ነው።

ስለ ስም ካነሣሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። በበዓል ቀን ተሳላሚዎች በጸሎት እንዲታሰቡላቸው ስም ያስጽፋሉ፤ የሕያዋን ስም በአንድ ወገን፣ የሙታን ስም በሌላ ወገን ይጻፋል። ባለፈው ፍልሰታ ስም የምጽፈው እኔ ነበርሁ። አንዲት እናት የልጃቸውን የክርስትና ስም ነገሩኝ።

«ከየትኛው ወገን ልጻፈው፣ እናቴ?» አልኋቸው።

«እርሱን ብታውቅልኝ ብዬ አይደል የመጣሁት፣ አባቴ» አሉኝ።

ልጃቸው ከየመን ሆኖ፣ ነገ ወደ ጂዛን እንገባለን ብሎ ከደወለ ሦስት ዓመት አልፎታል። ፍትሐት እንዳያስፈቱለት የሞቱን ወሬ የነገራቸው የለም፤ ተስካሩን ቢያወጡ በገዛ እጃቸው የገደሉት ይመስላቸዋል። ዝም ብለው ቢቀመጡ ደግሞ ነፍሱን ያለ መታሰቢያ የተዉ ይመስላቸዋል። አብሮት የወጣው የጎረቤታቸው ልጅ ሙስሊም ነው፤ «የእርሱም እናት እንደኔው ናት፤ ስሙን ጻፍልኝ ብላለች» አሉኝ። ወሎን ለሚያውቅ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ጀልባዋም በሃይማኖት ለይታ አታሳፍርም። ብዕሬን ይዤ ጥቂት ቆየሁ። ከዚያም ሁለቱን ስሞች በሕያዋንና በሙታን መካከል በቀረው ባዶ መሥመር ላይ ጻፍኋቸው።

መዝገብ እንዲህ ላለው ሰው ሥፍራ የለውም። ጋዜጣም የለውም፤ ጋዜጣ የሞተውን ወይም የተመለሰውን ይቈጥራል እንጂ በመካከል የቆመውን አይቈጥርም። በዚያ ባዶ መሥመር ላይ ረዘም አድርጎ ሊጽፍ የሚችል ልብ ወለድ ብቻ ነው ብዬ አምናለሁ። ይህ ሥራ ነው የሚቀረን፤ እኔም ልብ ወለድ በመነኵሴ እጅ ቢገኝ አያሳፍርም የምለው ይልቁንም ስለዚህ ነው።

ሊሠራ እንደሚችል ማስረጃው ከባሕሩ ማዶ ይገኛል። ሙሐመድ አብዱልወሊ የሚባለው የየመን ደራሲ የተወለደው በእኛው በደብረ ብርሃን ነው፤ አባቱ የመናዊ፣ እናቱ ኢትዮጵያዊት ነበረች። በአውሮፕላን አደጋ የሞተው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ስሙ በአማርኛ «ባዕድ ሆነው ይሞታሉ» ሊባል የሚችለው አጭር ልብ ወለዱ በአዲስ አበባ፣ በስድስት ኪሎ፣ ትንሽ ሱቅ ስለ ከፈተ አንድ የመናዊ ስደተኛ ይናገራል። ሰውየው ሚስቱንና ልጁን በመንደሩ ትቶ መጥቶአል፤ ሣንቲም ከሣንቲም ላይ እየደረበ ወደ አገሩ ይልካል፤ በዚያም ትልቅ ቤት ያሠራል። እዚህ የወለደውን ልጅ ግን የእኔ ነው ብሎ አይቀበልም። ባለሱቁን ሁላችንም የምናውቀው ይመስለናል፤ «ዓረቡ ሱቅ» እየተባለ በየከተማችን ሲጠራ የኖረው ያ ሰው ነውና። ደራሲው ግን ከሱቁ ጀርባ፣ ወደሚተኛበት ጠባብ ሥፍራ አስገብቶ አሳየን። ሳይኮንነው፣ ሳያዝንለትም። መጽሐፉን በእንግሊዝኛ ትርጕሙ ሳነበው ያሰብሁት የእኛን ሰዎች ነው። ፍየል ጠባቂውም በሀሩብ ሆኖ ለመንደሩ የቆርቆሮ ቤት ገንዘብ ይልክ ነበር፤ ቤቱ ተሠርቶአል፤ እርሱ ግን ከተመለሰ ወዲህ እንቅልፍ አይወስደኝም ብሎ ደጅ ያድራል።

ጂዛንም ራሷ ደራሲ አላጣችም። እ.ኤ.አ. በ1962 በዚያ አውራጃ በአል መጀና መንደር የተወለደው አብዱ ኻል እ.ኤ.አ. በ2010 ዓለም አቀፉን የዓረብኛ ልብ ወለድ ሽልማት አግኝቶአል። የተሸለመበት መጽሐፍ በጂዳ ባሕር ዳር ስላለ አንድ ቤተ መንግሥትና፣ በዚያ ቤት ጌታ እጅ ወድቆ ሌሎችን የማሠቃየት ሥራ ስለሚሠራ የድኻ ሰፈር ልጅ የሚናገር ነው። ለመነኵሴ የሚመች ንባብ አይደለም፤ ብዙ ገጾቹን በችኮላ አልፌአቸዋለሁ። ነገር ግን አንድ ደራሲ የራሱን አገር ኃያላን እንዲህ አድርጎ ለማየት የሚያስፈልገውን ድፍረት አይቼበታለሁ። ያ ድፍረት በጂዛን መንገድ ላይ ለሚጽፈው ለእኛም ሰው ያስፈልገዋል።

ያስፈልገዋል የምለው ጥፋተኛውን ከባሕሩ ማዶ ብቻ የሚፈልግ መጽሐፍ እንዳይጻፍ ስለምፈራ ነው። በሬውን ሸጦ ለደላላው የሰጠ አባት አለ። «የእገሌ ልጅ ለእናቱ ቤት ሠራ፤ አንተስ?» እያለ የሚወጋ ጎረቤት አለ። እኛም ከነገሩ የራቅን አይደለንም፤ የአንዳንድ ደብር ጣሪያና ጃንጥላ ከዚያ አገር በመጣ ገንዘብ እንደ ተገዛ ካህን ሁሉ ያውቃል፤ ገንዘቡን በተቀበልንበት ቀን ግን በምን መንገድ መጣ ብለን አልጠየቅንም። ይህን ሁሉ የሚጽፍ ሰው ስብከት ቢጀምር መጽሐፉ ያን ጊዜ ይሞታል። ደላላውንም ቢሆን፣ እርሱም በአንድ ወቅት ተሻግሮ የተመለሰ ሊሆን ይችላልና፣ እንደ ሰው አድርጎ ሊያየው ይገባል። የአዳም ረታን ዓይን አስቡልኝ ያልሁት ለዚህ ነው፤ የውኃውን ጀሪካን፣ በካልሲ ውስጥ የተሰፋውን ብር፣ በጀልባዋ ላይ ማን ከማን አጠገብ እንደ ተቀመጠ የሚያይ ዓይን ያስፈልጋል። ምሥጢርስ ከዚህ የበለጠ ከየት ይመጣል?

ከመካከላችን ደራሲ ይወጣል አይወጣም አላውቅም። እስከዚያ ግን ልናደርገው የምንችለው አለ። አባቶቻችን በብራና ዳር ባገኙት ባዶ ሥፍራ የዘመናቸውን ድርቅና ጦርነት፣ የመሬቱንም ስጦታ ይጽፉ ነበር፤ ታሪክ ጸሐፊዎች ዛሬ የሚለቅሙት ያን ነው። እኛም እንዲሁ ከጂዛን፣ ከሳምጣ፣ ከሀሩብ የተመለሱ ተሳላሚዎች በእንግዳ ቤት የሚናገሩትን እንደ አፋቸው ልንጽፈው እንችላለን። ሳናሳምር፣ ሳናርም፣ «ከዚህ የምንማረው» ብለን ሳንደመድም። ደራሲው በመጣ ጊዜ እህሉን በጎተራ ያገኘዋል።

የዚህ መጽሔት አዘጋጆች ለመስከረሙ ዕትም ሁለት ስቴንስል ባዶ እንዲያቆዩልን ለምኜአቸው ፈቅደውልኛል። ለጳጉሜን 3 ቀን የሩፋኤል በዓል ብዙ ተሳላሚ ስለሚመጣ፣ መስማት የሚወድ ወንድም በእንግዳ ቤቱ በኩል ቢያልፍ መልካም ነው። የተናጋሪው ስም አይጻፍ፤ የተሻገረባቸው ሥፍራዎች ስም ግን እርሱ እንደሚጠራቸው ይጻፍ። ተናጋሪው ዝም ቢል አትጠይቁት። ጽሑፉ በእርሳስ ሳይሆን በቀለም ይሁን፤ ወረቀቱም ስስ ነውና በአንድ ገጽ ብቻ ጻፉበት።